ይድረስ ለእድራችን አባላት በሙሉ፦ ብር ስለላክን ብቻ እድርተኛ አንሆንም

ይድረስ ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የእድራችን አባላት፣ እንደኛው አዲስ አበባ ዳር ዳሩን አዲስ እድር አቋቁማችሁ ለምትለፉ ጎረቤቶችም ጭምር

ሰላም ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ከረማችሁ።

ይሄን የምጽፈው እንደ እድሩ ጸሐፊ ነው፣ ሰብሳቢያችንም ገንዘብ ያዣችንም የንብረት ክፍሉም አንብበውት ይውጣ ብለዋል። በአካል ልንነግራችሁ ነበር የፈለግነው፣ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን ምልአተ ጉባኤ አልሞላም፣ በደንቡ መሰረት በድጋሚ ጠራን አሁንም የመጣው ያው ሁልጊዜ የሚመጣው ሰው ነው። የኮሚቴው የስራ ዘመን ካለቀ ቆይቷል፣ ተተኪ ይመረጥ ስንል "እናንተው ቀጥሉበት፣ እናንተ ትችሉበታላችሁ" ትሉናላችሁ፣ እሺ እንቀጥል ግን አግዙን ስንል ደግሞ ስልክ አይነሳም። ማንንም ለማሳፈር ብዬ አይደለም የምጽፈው፣ የማንም ስም እዚህ ውስጥ የለም፣ ግን ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ እድሩ በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚቀረው፣ እና እዛ ሳንደርስ መነጋገር አለብን።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልናገር። አብዛኞቻችሁ ወርሃዊ መዋጮውን በሰዓቱ ትልካላችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን እድር ማለት በየወሩ ከፍሎ ሀዘን ሲመጣ አገልግሎት መቀበል ነው ብለን ከያዝነው እሱ ኢንሹራንስ ነው የሚባለው። ኢንሹራንስ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ኢንሹራንስ ግን ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰራተኞች አሉት። እኛ ጋ ብር የሚከፈላቸው ጥሩምባ የሚነፉት አባባ ብቻ ናቸው፣ እሱም ደሞዝ ተብሎ የሚጠራ አይደለም። ሌላው ስራ ሁሉ፣ መዝገቡ፣ ስቶሩ፣ ድንኳኑ፣ ባስ ፍለጋው፣ የቀብር ቦታ ወረቀቱ፣ ንፍሮው፣ ሁሉም በነፃ ነው የሚሰራው፣ በነፃ የሚሰራ ስራ ደግሞ ሰው ካልተካፈለው ጥቂት ሰው ጫንቃ ላይ ያርፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል አይደል፣ እኛ ጋ ሎሚውን የያዙት ስድስት ሰባት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ደክሟቸዋል።

እድር አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ ከጣልያን ወረራ፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ካለው ዘመን ወዲህ እንደተስፋፋ ነው የሚነገረው። ከየሀገሩ መጥቶ ከተማ ውስጥ ወንድም እህት የሌለው ሰው ነገ ብሞት ማን ይቀብረኛል ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ተሰባሰበ፣ ነገሩ ይሄው ነው። ከቀብርም አልፈው የሄዱ አሉ፣ በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በየቤቱ ሰው ሲጨርስ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት የጀመሩ እድሮች ነበሩ። ይሄን ሁሉ የሰሩት ከስራ ሲመለሱና እሁድ እሁድ ነው፣ እንደኛው የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት የሚያሳስባቸው ሰዎች ነበሩ።

እኛም ስንጀምር እኮ ሁኔታችን ከነሱ አልተለየም። እዚህ ስንገባ ማንም ማንንም አያውቅም፣ አንዱ እጣ ወጥቶለት ከመርካቶ መጣ፣ አንዱ ከሽሮ ሜዳ፣ አንዷ ኪራይ ረክሶ ስላገኘች፣ ቀጥሎ ደግሞ በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው በየዳርቻው ተበተነ፣ ስንት ዘመን አብሮ የኖረ እድርም አብሮ ተበተነ። ከነሱ ውስጥ እኛ ጋ የተመዘገቡ አንድ እናት አሉ፣ የመመዝገቢያ ፎርሙን ስሞላላቸው የጠየቁኝ ስለ መዋጮው አልነበረም፣ ስንት ብር ይሰጣል አላሉም፣ "ሰው ይመጣል ወይ?" ነው ያሉኝ። አዎ እማማ ይመጣል አልኳቸው። ይሄ ቃል የእኔ ብቻ አይደለም፣ በሁላችሁም ስም ነው የሰጠሁት።

ሰው መምጣት የቀነሰው ሰዉ ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። ድሮ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ኮሚናሉ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥተን ነበር የምንሰበስበው፣ ሁሉም ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ይከፍላል፣ ማህተም ይመታለታል፣ ከዛ ግን ወዲያው አይሄድም፣ እዛው ቆሞ ያወራል፣ እገሌ ታሟል፣ እገሊት ወልዳለች፣ ከሦስተኛው ብሎክ ያሉት ሰውዬ ከስራ ወጥተዋል፣ ይሄ ሁሉ የሚሰማው እዛ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። በ2012 ኮሮና መጣና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ እሁዱ ቆመ። ነገሩ ረገብ ሲል ደግሞ በ2013 ቴሌብር መጣ፣ ለሁሉም ቀለለ፣ ውዝፍም ቀነሰ፣ ይሄን አልክድም፣ ግን እሁዱ በዛው ሳይመለስ ቀረ። አሁን በየወሩ ስሙ ስልኬ ላይ የሚመጣ ብር የሚልክ አባል አለ፣ ደረጃ ላይ ብንተላለፍ አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም። የማያውቀው ሰው ሞተ ሲባል ከአልጋው ተነስቶ ድንኳን ሊተክል እንዴት ይወጣል?

አንድ ለቅሶ ምን እንደሚፈልግ በቅርብ ላላየ ሰው ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አባት ያረፉ ጊዜ ነው። የተደወለልን ሌሊት ነው፣ ዝናብ አለ። ድንኳኑ ከስቶር ይወጣል፣ ሸራው ደረቁን እንኳን ለአራት ሰው ይከብዳል። ብሎኮቹ መሃል ያለው መሬት ኮብልስቶን ስለሆነ ካስማ አይመታበትም፣ ስለዚህ የቋሚ ብረቶቹን እግር በብሎኬት አስደግፈን ገመዱን ደግሞ በአንድ በኩል ደረጃው ብረት ላይ፣ በሌላው በኩል የምድር ቤቱ መስኮት ፍርግርግ ላይ ነው የምናስረው፣ ገመዱ ሲወጠር በአራቱም ማዕዘን እኩል ካልሆነ ሸራው መሃሉ ላይ ውሃ ያቁርና ይረግባል፣ ስለዚህ ቢያንስ ስምንት ሰው ያስፈልጋል፣ አራቱ ይይዛሉ አራቱ ይወጥራሉ። እኛ አራት ነበርን፣ ከአራቱ አንዱ ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው፣ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ተዉ ብንላቸው እምቢ ብለው እጃቸው በገመዱ እስኪላጥ ያዙ። እና ቀና ብዬ ሳይ በረንዳ ላይ መብራት አብርተው የሚያዩን ሰዎች ነበሩ። አንድ ሁለት አይደሉም። ለቅሶው ደግሞ ከነሱ ቤት ሁለት ፎቅ ብቻ ነው የሚርቀው።

ጠዋት ቴሌግራም ግሩፓችን በነፍስ ይማር ተሞላ። ነፍስ ይማር ማለት ደግ ቃል ነው፣ ቃሉን አልነቅፍም፣ ግን የሟች ልጅ ያን ሁሉ መልእክት ያየው ሰልስት ካለፈ በኋላ ነው፣ በሰዓቱ የፈለገው ሬሳ ከአራተኛ ፎቅ የሚያወርድ ሰው ነበር። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ታውቁታላችሁ፣ ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ሳጥኑን ከፍ አድርጎ ማዞር ይፈልጋል፣ ያንን ያደረጉት ሁለቱ ተከራይ ልጆች ናቸው፣ ገና ከተመዘገቡ ዓመት ያልሞላቸው።

ተከራዮቹን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ብዙ እድር ተከራይ አይመዘግብም፣ እኛም ጋ ያኔ ክርክር ነበር፣ "ነገ ይለቃሉ፣ ቤት የላቸውም፣ ምን ዋስትና አለ" ተብሎ ነበር። ዛሬ ጥሩምባ ሲነፋ ቀድመው የሚወርዱት እነሱ ናቸው። ባለቤት ሆነን ስም ያለን ሰዎች ደግሞ ለቅሶ ላይ የምንታየው ቀብሩ ካለቀ በኋላ ተጣጥበን ለብሰን ነው። ይሄን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም ግን እውነት ነው።

የሴቶቹ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ለቅሶ ደግሞ ፈረቃ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ለንፍሮውም ለሻዩም ለሳህን ማጠቢያውም ጀሪካን ከየቤቱ ይለመናል፣ ከምድር ቤት ሮቶ ካላቸው ሰዎች ይቀዳል። እሳቱ ዳር ከሌሊት ጀምረው የሚቆሙት ሁልጊዜ እነዛው እትዬዎች ናቸው፣ ስንዴውን የሚለቅሙት፣ ጎላውን የሚያማስሉት፣ ሰው በልቶ ሲሄድ ብርጭቆ ቆጥረው ወደ ስቶር የሚመልሱት እነሱ ናቸው። ከነሱ ውስጥ በማግስቱ 12 ሰዓት ሰርቪስ የምትይዝ አለች፣ ገበያ የምትወጣ አለች። ስራ አለብኝ የሚለው ምክንያት ለሁላችንም እኩል መስራት አለበት።

ሙስሊም አባሎቻችን ጋ ሀዘን ሲደርስ ቀብሩ በዛው ቀን ስለሆነ ጊዜ ጨርሶ የለም። ጠዋት ያረፈ ሰው ከሰዓት ይቀበራል፣ ስልክ በስልክ እየተባባልን ሰው እስኪሰበሰብ ጀናዛው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እዛ ላይ ነው የጎረቤት ጥቅም የሚታየው፣ በሩን ከፍቶ ወዲያው የሚወጣ ሰው ነው የሚፈለገው። በዚህ በኩል ተወቅሰናል፣ ወቀሳውም ልክ ነው።

ሌላው ከባድ ነገር ውዝፍ ነው። ደንባችን ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ አባል ውዝፉንና ቅጣቱን ከፍሎ የተወሰነ ጊዜ ሳይቆይ የቀብር ማስፈጸሚያ ብር አያገኝም ይላል፣ ይሄን ያወጣነው ሁላችንም እጅ አውጥተን ነው። ነገር ግን ብዙ ወር ጠፍቶ የከረመ ሰው አባቱ ሀገር ቤት ታሞ ደክሟል ሲባል በአንድ ቀን ሁሉንም በቴሌብር ይልካል፣ በሳምንቱ መርዶ ይመጣል፣ ከዛ ብሩን ስጡኝ ነው። አይቻልም ደንቡ ይሄን ይላል ስንለው ድንኳን ውስጥ ሰው ፊት ተነስቶ "ሀዘንተኛ ላይ እንዲህ ይደረጋል?" ብሎ ይጮሃል፣ ሰዉም ደንቡን ያላየ ስለሆነ በእኛ ይፈርዳል፣ ማታ ደግሞ ሽማግሌ ይላክብናል። እኛ ምን እናድርግ? ለሱ ከሰጠነው በየወሩ ከጡረታቸው ቀንሰው የሚከፍሉትን እናት በደልን፣ ካልሰጠነው ጨካኝ ተባልን። ሀዘን ላይ ያለን ሰው ፊት ለፊት አይቻልም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ብሎት ያየ ሰው ነው። ይሄ ሸክም የኮሚቴው ብቻ መሆን የለበትም፣ ደንቡን ያጸደቃችሁት እናንተ ናችሁና ድንኳኑ ውስጥ ከኛ ጋር ቆማችሁ ደንባችን ነው በሉ፣ ካልተስማማችሁበት ደግሞ ኑና አሻሽሉት፣ ደንብ የሚሻሻለው ግን በጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ጉባኤው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ስለ ገንዘብ የሚወራውንም ሰምተናል። "ኮሚቴው ብሩን ምን እንደሚያደርገው አይታወቅም" የሚል ወሬ በየደረጃው አለ። የሂሳብ ሪፖርቱ በየስድስት ወሩ ይቀርባል፣ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ፣ የባንክ ሂሳቡ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም፣ ኦዲተር ምረጡ ብለንም ጠይቀናል፣ እጅ ያወጣ አልተገኘም። ገንዘብ ያዣችን ወሬውን የሰማችው ከልጇ ነው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቶ። ማታ ላይ እኔ ቤት መጥታ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አለቀሰች፣ "ብሩን ቁጠሩና ተረከቡኝ" አለች። የቆጠርነው ሁለታችን ነን፣ ሳንቲም አልጎደለም። ተለማምጠናት ነው የቀጠለችው። እንዲህ አይነት ሰው ሲታጣ እድሩ ምን እንደሚሆን እንድታስቡት እለምናችኋለሁ። ጥርጣሬ ያለው ሰው መጥቶ መዝገቡን ገልጦ ይይ፣ መብቱ ነው፣ ደስ ብሎን እናሳየዋለን።

አንዳንዶቻችሁ "ለወረዳ እናመልክት፣ መንግስት ያስተካክለው" ትላላችሁ። በ2011 የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርና እቁብን አይመለከትም፣ ባህላዊ ተቋም ናችሁ ብሎ ለራሳችን ትቶናል። እኔ ይሄን በጎ ነው የምለው፣ እድር የህዝብ ሆኖ መቆየቱ ነው ጉልበቱ። ግን የህዝብ ነው ማለት ህዝቡ ሲተወው የሚያነሳው ሌላ የለም ማለትም ነው። መጥቶ ድንኳናችንን የሚተክልልን ወረዳ የለም።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን መርጠን እንወስን ነው የምንለው።

አንደኛው መንገድ ሁሉም ይሳተፍ የሚለው ነው። እያንዳንዱ ብሎክ በወር ተረኛ ይሆናል፣ በዛ ወር ለቅሶ ከመጣ ድንኳኑን የሚተክለውም የሚነቅለውም ወንበር የሚያመላልሰውም ተረኛው ብሎክ ነው፣ ከየቤቱ አንድ ሰው፣ ሴት ወንድ ሳይባል፣ ንፍሮ መቀቀሉም የሴቶች ብቻ መሆኑ ይቅር፣ ወንዶች እሳት ማንደድ አይከብደንም። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፣ የቅጣቱን ልክ ጉባኤው ይወስን። ሌሊት ተረኛ የሆናችሁ ነርሶች፣ ረጅም መንገድ ያላችሁ ሹፌሮች፣ የታመማችሁ፣ ያረጃችሁ፣ እናንተን አይደለም የምለው፣ ስልክ መደወልም መዝገብ መያዝም ስራ ነውና የምትችሉትን እናንተው ንገሩን።

ሁለተኛው መንገድ በቃ ጊዜ የለንም ብለን ሁሉንም በክፍያ ማድረግ ነው። ድንኳንና ወንበር ከአከራይ፣ የጉልበት ሰራተኛ በቀን ሂሳብ፣ ንፍሮና ምግብ በኬተሪንግ፣ አንድ ደመወዝተኛ ጸሐፊ። ይቻላል፣ የሚከለክለን የለም፣ ግን መዋጮው አሁን ባለበት አይቆይም፣ በጣም ነው የሚጨምረው። እና ያኔ ማን እንደሚወጣ አስቡት፣ ጡረተኞቹ ይወጣሉ፣ የቀን ስራ የሚሰሩት ይወጣሉ፣ ሳጥኑን በጠባቡ ደረጃ ያወረዱት ተከራይ ልጆች ይወጣሉ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የመጡት ይወጣሉ። እድር ደግሞ መጀመሪያ የተፈጠረው ለነሱ ነው። እኔ በበኩሌ በዚህኛው አልስማማም፣ ኮሚቴውም አይስማማም፣ ግን ጉባኤው ይሄን ከመረጠ እናከብራለን። የማንቀበለው አሁን ያለንበትን ነው፣ መዋጮው ለበጎ ፈቃድ ስራ የሚሆን፣ የሚጠበቀው አገልግሎት የደሞዝተኛ፣ ሰራተኞቹ ደግሞ እነዛው ጥቂት ሰዎች የሆኑበትን።

የሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ እንዲሆን ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ኮሚናሉ በር ላይ እንገናኝ። ጠረጴዛውን እንደ ድሮው እናወጣለን፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የዛን ወር መዋጮ በቴሌብር አትላኩ፣ በእጃችሁ አምጡት። የሚነሱት ነገሮች የብሎክ ተራው፣ የውዝፍ ደንቡ፣ የሂሳብ ሪፖርቱና ኦዲተር መምረጥ፣ መጨረሻ ላይ የአዲስ ኮሚቴ ምርጫ ናቸው። ለሦስተኛ ጊዜ የተጠራ ስብሰባ ስለሆነ በደንባችን መሰረት በተገኘው ሰው ይወሰናል፣ ያልመጣ ሰው በኋላ አልሰማሁም ማለት አይችልም። እኛ ማህተሙን፣ የስቶሩን ቁልፍና መዝገቡን ይዘን እንመጣለን፣ ለተመረጡት ሰዎች እናስረክባለን፣ ከነሱም ጋር እስኪለምዱት ድረስ አብረን እንሰራለን። በምንም ምክንያት መምጣት የማትችሉ እስከ አርብ ማታ ለብሎክ ተጠሪያችሁ ተናገሩና ከቤታችሁ ሌላ ሰው ላኩ።

የእድራችሁ ጸሐፊ
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ